«ተልዕኮው የታለ?» እና ሌሎች የአንባቢ ጥያቄዎች

ካሜራው የራሳችን ዓይን የሆነባቸው፣ በአንድ ምሽት ተጀምረው የሚያልቁ የሙከራ ጌሞችን በተመለከተ ከደረሱኝ ጥያቄዎች የተወሰኑትን እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ሰርቲ ፍላይትስ ኦቭ ላቪንግ»ን ጨረስኩት፤ ግን ተልዕኮው የታለ? ጓደኞቼን ተዋወቅኩ፣ ወዲያው ቆስለው አገኘኋቸው። የዘለልኩት ክፍል አለ?

ምንም አልዘለሉም። ብሬንደን ቸንግ በ2012 ባወጣው በዚህ የ15 ደቂቃ ጌም ውስጥ ተልዕኮው ራሱ የለም። አልኮል በኮንትሮባንድ ሊያሻግሩ የተነሡ ሦስት ሰዎች አሉ፤ እርስዎ፣ የፈንጂ ባለሙያዋ አኒታ፣ ሰነድ አስመስሎ የሚሠራው ቦርጌስ። ዝግጅቱን ያያሉ፣ ከዚያ ትዕይንቱ በድንገት ተቆርጦ ሁሉ ነገር ከከሸፈ በኋላ ይደርሳሉ። ቦርጌስን ተሸክመው ሰው በሞላበት አየር ማረፊያ ይሮጣሉ። መሃል ላይ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሰው ከአኒታ ጋር የነበረዎትን ፍቅር ያያሉ።

ፊልም ላይ እንዲህ ያለውን ቁርጥ ስላየነው አይደንቀንም። በእንዲህ ዓይነት ጌም ግን የለመድነው እያንዳንዱን ኮሪደር በራሳችን እግር ማቋረጥ ነው። ቸንግ መንገዱን ቆርጦ ጣለውና ክፍተቱን ለኛ ተወልን። ምን ተበላሸ? ማን ጥፋተኛ ነው? እኔ ይህን እንደ ትልቅ አክብሮት ነው የምቆጥረው፤ ተጫዋቹ ያስባል ብሎ አምኖ የተሠራ ነው። አንድ ጊዜ ደግመው ይጫወቱት። አኒታን ካወቋት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሌላ ስሜት ይሰጣሉ።

ታናሽ ወንድሜ እንግሊዝኛ ብዙ አይገባውም። እንደነዚህ ያሉትን ጌሞች መጫወት ይችላል?

ከላይ ያነሣሁት ንግግር የለውም፤ በእሱ ይጀምር። ቀጥሎ «ቨርጂኒያ»ን ይሞክር። በ2016 የወጣ ሲሆን፣ የጠፋ ልጅ የምትፈልግ የኤፍቢአይ መርማሪን ታሪክ ያለ አንዲት የንግግር ቃል በፊትና በእጅ እንቅስቃሴ፣ በፕራግ ኦርኬስትራ በተቀዳ ሙዚቃ ይተርካል። ቁርጡ አንዳንዴ ቶሎ ይመጣል፤ ገና እያየሁ ሳለ ከክፍሉ ሲያስወጣኝ ቅር ብሎኛል። ሙዚቃው ግን ይክሳል።

ወደፊት መሄድ ብቻ ከሆነ፣ ምንም ካልመረጥኩ፣ ቁጭ ብዬ ፊልም ባይ አይሻለኝም?

ለአንዳንዶቹ አዎ፣ ይሻላል። ከመተውዎ በፊት ግን «ዋት ሪሜይንስ ኦቭ ኢዲት ፊንች» (2017) ውስጥ ያለውን የሉዊስን ምዕራፍ ይጫወቱልኝ።

ሉዊስ የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። በኮንትሮለሩ (በእጅ በሚያዘው መጫወቻ) ላይ ባለችው የቀኝ አጭር ዱላ ሳልሞኑን ይይዛሉ፣ ወደ ቢላው ይስባሉ፣ ጭንቅላቱ ይቆረጣል፣ ቀሪውን ወደ ማጓጓዣው ይወረውራሉ። ሌላ ዓሣ ይመጣል። እንደገና። ሥራው ሲሰለቸው ሉዊስ በሐሳቡ አንድ ዓለም መፍጠር ይጀምራል፤ በዚያ ዓለም ውስጥ የሚራመዱት በግራ ዱላ ነው። መጀመሪያ ሕልሙ ከስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው። እየሰፋ ይሄዳል፣ ከተማ ይሆናል፣ ወንዝ ይሆናል፣ በመጨረሻ ፋብሪካውን ከዓይንዎ ይሰውረዋል። ቀኝ እጅዎ ግን አሁንም ዓሣ እየቆረጠ ነው፤ ማየትም አያስፈልግዎትም፣ ለምዶታል።

ሉዊስን ያከመችው ሐኪም ደብዳቤ ሁኔታውን በድምፅ እያስረዳ ነው፤ ያንን ፊልምም ያደርገዋል። ሰውነቱ አንድ ቦታ፣ ልቡ ሌላ ቦታ የሆነን ሰው በራስ ሁለት እጅ መሆንን ግን ፊልም ሊሰጥዎት አይችልም። እዚህ ምርጫ ቢኖር ኖሮ ታሪኩን ያፈርሰው ነበር፤ ሉዊስም ምርጫ የለውምና። የምዕራፉን ፍጻሜ አልነግርዎትም። ጌሙ በ2018 የባፍታን (የብሪታኒያ የፊልምና የጌም አካዳሚን) የዓመቱ ምርጥ ጌም ሽልማት ወስዷል፤ ለእኔ ይህ አንድ ምዕራፍ ብቻውን ይበቃው ነበር።

«ዲር ኤስተር»ን እኔና ጓደኛዬ ለየብቻ ተጫወትን። የሰማሁትን ስነግረው «እንዲህ የሚል የለም» ይለኛል። ማን ነው የተሳሳተው?

ማንም። ጌሙ የሚካሄድባትን ደሴት እያቋረጣችሁ የምትሰሙት የደብዳቤ ቁርጥራጭ በየጨዋታው በዕጣ ይለዋወጣል፤ እሱ የሰማውን እርስዎ ላይሰሙ ይችላሉ። ቁጭ ብላችሁ የሰማችሁትን አገጣጥሙ፤ ከጌሙ እኩል የሚያስደስት ነገር ነው።

ስጫወት ያዞረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል።

ቅንብሩ ውስጥ የእይታ ስፋቱን ይጨምሩ፤ የጭንቅላት መወዛወዝ የሚል ምርጫ ካለ ያጥፉት። ከስክሪኑ ራቅ ይበሉ፣ መብራት ያብሩ። ማዞር ከጀመረዎት ወዲያው ያቁሙ፤ ታግሎ መቀጠል ያባብሰዋል።

የምተርከው ታሪክ አለኝ፤ ያለኝ ግን አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ከየት ልጀምር?

ቸንግ «ሰርቲ ፍላይትስ»ን የሠራው በ1997 በወጣው «ኩዌክ 2» በተባለ ጌም ሞተር (ጌም በሚገነባበት ፕሮግራም) ላይ ነው፤ ኮዱ በ2001 ለሕዝብ ተለቆ ነበር። ሰዎቹ ጭንቅላታቸው እንደ ሳጥን ነው፣ ሆኖም አኒታን የረሳ ተጫዋች አላጋጠመኝም። ስለዚህ የምስል ጥራት አያስጨንቅዎ። ጎዶት የሚባለው ሞተር ነፃ ነው፤ ቀለል ያለ ነገር ከሠሩበት አሮጌ ማሽን ላይም ይሄዳል።

ሁለት ክፍል ብቻ ይሥሩ። በመጀመሪያው ክፍል ተጫዋቹ በእጁ አንድ ነገር ያድርግ፤ ቡና ይቅዳ፣ በር ይቆልፍ። ከዚያ ይቁረጡትና ሁለተኛው ክፍል ከዓመት በኋላ ያው ነገር ተለውጦ ይታይ። መሃሉን አያስረዱ። ለሰው አስጫውተው ምን እንደገባው ይጠይቁት፤ አፍዎን ይዘው ይስሙ። «ሰርቲ ፍላይትስ»ን ከጨረሱ በኋላም የቸንግ ማብራሪያ ያለበትን አማራጭ ያብሩ፤ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ራሱ ያስረዳል።

ሲጨርሱ ይላኩልኝ፤ እጫወተዋለሁ።