ተበዳይዋ ስትጠረጠር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

አንድ ወንድ ተገድሎ እሱ የበደላቸው ሴቶች በሙሉ የሚጠረጠሩበት የወንጀል ልብ ወለድ በአማርኛ በብዛት ሊጻፍ ይገባል ብዬ ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ራሳቸው እየጻፉ ያሉ ናቸው፤ ይህም እጅግ አስደስቶኛል። የተወሰኑትን ዛሬ እመልሳለሁ።

ፒያሳ ሱቅ ያለው አንድ ባለጸጋ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ይገኛል። ፖሊስ ሚስቱን፣ የቀድሞ ፍቅረኛውን፣ የቤት ሠራተኛዋንና ከቤይሩት የተመለሰች እኅቱን ይጠረጥራል። ረቂቁን ያነበቡልኝ ሰዎች “አራቱም ሴቶች አንድ ዓይነት ናቸው” አሉኝ። ምን ላድርግ? (መምህርት፣ ከአራት ኪሎ)

አንባቢዎችዎ እውነታቸውን ነው። በላኩልኝ ገጾች ላይ እያንዳንዷ ሴት የምትተዋወቀው ሰውየው ባደረሰባት በደል ነው። ከበደሏ በቀር ሌላ ነገር የሌላት ሴት ደግሞ ከሌላዋ አትለይም። እሱን ከማወቋ በፊት ማን ነበረች? በምን ትስቃለች? ማንን ትፈራለች? ከቤይሩት የተመለሰችው እኅት በየወሩ የላከችው ገንዘብ በማን እጅ ገባ? የቤቱ ካርታ በማን ስም ወጣ? ይህን የሰማች ቀን መጀመሪያ የደወለችው ለማን ነው? ሚስቲቱን “ትዳር ነው፣ ቻዪው” ብለው የመለሷት ሽማግሌዎች እነማን ነበሩ? ከመካከላቸው ዝም ያለው ማን ነበር? የቤት ሠራተኛዋ ማንም ከሰው ስለማይቆጥራት የቤቱ ወሬ ሁሉ በፊቷ ይወራል፤ ሰውየው በስንት ሰዓት በሩን እንደሚቆልፍ ከሚስቱ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት። ዋስ የሚሆናት ዘመድ ከተማው ውስጥ ስለሌላትም መጀመሪያ የምትያዘው እሷው ትሆናለች።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። “የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም” እንላለን። አለመርሳት ግን ወንጀል አይደለም፤ በደልም ማስረጃ አይደለም። የእንዲህ ዓይነቱ ልብ ወለድ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። ሴትየዋ መርማሪው ፊት ተቀምጣ በደሏን በሙሉ ብትናገር፣ የመግደያ ምክንያቷን በገዛ አፏ አስመዘገበች ማለት ነው። ብትደብቀው ደግሞ ነገ ጎረቤት ሲመሰክር ውሸታም ትባላለች። ዕድሜዋን ሙሉ “ማን ይሰማኛል” ስትል የኖረች ሴት ሰሚ ያገኘችበት የመጀመሪያው ቀን ቃሏ በእሷው ላይ የሚጻፍበት ቀን ነው። አራቱ ሴቶች ይህን ወጥመድ በአራት መንገድ ይለፉት። አንዷ ሁሉንም ትናገር። አንዷ ዝም ትበል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ያለመናገር መብት አላት። አንዷ ሌላዋን ለማዳን ትዋሽ። አንዷ ደግሞ በደሉን ለራሷም አምና አታውቅም ይሆናል፤ እኔ ከሁሉም በላይ የማዝነው ለእሷ ነው።

የሚያገናኛቸው ስፍራ ከፈለጉ የለቅሶ ድንኳኑ አለልዎት። በእኛ አገር ሟቹ የደበቀው ሁሉ የሚገለጠው እዚያ ነው፤ ማንም የማያውቃት ሴት ሕፃን ይዛ ገብታ ስትቀመጥ የእድርተኛው ዓይን ወዴት እንደሚዞር እርስዎም አይተው ያውቃሉ።

በእኔ ታሪክ ሚስቲቱ ባሏን የምትገድለው ለመውረስ ነው። አሳማኝ ነው? (የሂሳብ ባለሙያ፣ ከለገሃር)

እንዳሉት ከሆነ አያሳምንም። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ከውጭ ፊልም ይወስዱታል። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባልና ሚስት ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም፤ የሟች ወራሾች በመጀመሪያ ደረጃ ልጆቹ ናቸው። ሚስት የምታገኘው ከጋራው ሀብት የራሷን ግማሽ ነው፤ እሱን ደግሞ ብትፋታም ታገኘዋለች። ኑዛዜ ካለ ነገሩ ይለወጣል፤ ነገር ግን ሟችን ሆን ብሎ በመግደል የተፈረደበት ሰው የመውረስ መብቱን ያጣል።

እንዲያውም ሕጉ የተሻለ ታሪክ ይሰጥዎታል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሁለት ሰዎች ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ 3 ዓመት አብረው ከኖሩ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራ ይሆናል። ሰውየው አንዲትን ሴት 2 ዓመት ከ11 ወር አብሯት ኖሮ “ከቤቴ ውጪ” ቢላት፣ የማን ዓይን ቀን መቁጠሪያው ላይ እንደነበር መርማሪው መጠየቁ አይቀርም። የሟቹ ልጆችም ከጥርጣሬ ውጭ የሚሆኑበት ምክንያት የለም።

የፍርድ ቤቱን ምዕራፍ ልደታ አድርጌዋለሁ። ጠበቃው ለጁሪው ሲናገር ሁሉም ያለቅሳል። (ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ)

እኅቴ፣ ጁሪውን አውጪው። ከሕዝቡ ተመርጠው የሚፈርዱ ተራ ሰዎች በአገራችን የሉም፤ ማስረጃ የሚመዝኑትም የሚፈርዱትም ዳኞች ናቸው፤ ጠበቃሽም “ክቡር ፍርድ ቤት” ብሎ ይጀምር። በምትኩ ብዙ ደራሲ የዘለለውን አንድ ቀን እጠቁምሻለሁ፤ የብይኑን ቀን። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ተሰምተው ካበቁ በኋላ ፍርድ ቤቱ ማስረጃው ተከሳሿን መልስ እንድትሰጥ የሚያስገድድ መሆን አለመሆኑን ይመረምራል። ካልሆነ መከላከል ሳያስፈልጋት በነፃ ትሰናበታለች። ከሆነ “ትከላከል” ይባላል። ይህ ጥፋተኛ ነሽ ማለት አይደለም፤ ችሎት ውስጥ የተቀመጠች እናት ግን እንደ ፍርድ ትሰማውና ትጮሃለች። ምዕራፍሽን በዚያ ጩኸት ጀምሪው።

ሌላም አለ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃልም ተቀባይነት የለውም። አንቺ ግን ሴትዮዋን ጣቢያ ለሦስት ሳምንት አስቀምጠሽ ማንም ዳኛ እንዲያያት አላደረግሽም። ሆን ብለሽ የሕግ ጥሰትን ልታሳዪ ከሆነ ጥሩ ነው፤ አንድ ገጸ ባሕርይ ግን ይህን አንስቶ ይናገር።

ገዳይዋን አንባቢ እንዲያዝንላት እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ነፍሰ ገዳይን ማመስገን እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። (ነርስ፣ ከካዛንቺስ)

ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ ጥሩ ጸሐፊ እንደሚያደርግዎትም አምናለሁ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ራሱ በአንድ ሚዛን አይፈርድም። አስቦና አቅዶ ወይም በጭካኔ መግደል በአንቀጽ 539 ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስቀጣል። ተራ የሰው ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። አንቀጽ 541 ደግሞ ከባድ በሆነ መነሳሳት ወይም ሁኔታዎቹ በሚያስረዱት ብርቱ ስሜት ውስጥ ለተፈጸመ ግድያ እስከ 5 ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራት ይላል። ሕጋዊ መከላከል፣ አንቀጽ 78፣ ሊደርስ የተቃረበ ጥቃትን ለመመከት የተደረገና ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ ሲሆን አያስቀጣም።

አሁን ለ12 ዓመት የተደበደበች ሴት ያስቡ። ሰውየው ሊመታት እጁን ሲያነሣ ብትገድለው አንድ ነገር ነው። ተኝቶ ሳለ ብትገድለውስ? ለእሷ ጥቃቱ “ሊደርስ የተቃረበ” ነበር፤ ሲነቃ ምን እንደሚሆን በአካሏ ታውቀዋለችና። ዐቃቤ ሕጉ ግን የተኛ ሰው ያያል። ሁለቱም ከልባቸው ይናገሩ። እርስዎ ማንንም ማመስገን አይጠበቅብዎትም፤ አንባቢው በ78 እና በ539 መካከል እየተመላለሰ እንቅልፍ ይጣ። ሌሎቹ ንጹሐን ሴቶችም አይረሱ፤ ገዳይዋ ዝም ባለች ቁጥር የሚታሰሩት እነሱ ናቸው።

ሟቹን ምን ያህል ክፉ ላድርገው?

አንድ ሰው ከልቡ እንዲያለቅስለት የሚያደርግ ያህል ደግነት ይተዉለት። እናቱ ሙሾ ስታወርድ ውሸት መሆን የለበትም።

ወንድ ነኝ። አርታኢዬ “ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ” የሚለውን ተረት በመጀመሪያው ገጽ ላይ አስገባ ይለኛል።

አያስገቡት። ተረቱ ገና መርማሪው ሳይጀምር ፈርዷል፤ ሴት ብታውቅም የመጨረሻው ቃል የወንድ ነው ብሎ ማሰብ የዚህ ሁሉ በደል መነሻ ነው። ከፈለጉ ለአንድ ሰነፍ መርማሪ በአፉ ያድርጉለትና ታሪኩ ስህተቱን ይግለጥበት። ወንድ መሆንዎ አያግድዎትም። ሆኖም ሴት ገጸ ባሕርያትዎ ብቻቸውን ሲሆኑ ስለ ሟቹ ብቻ የሚያወሩ ከሆነ፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ልጅ ትምህርት ቤት፣ ስለ ጤናቸው የሚያወሩበትን ገጽ ይጨምሩ። አሻራና ፍንጭም የሚደበቀው በእንዲህ ያለ ወሬ መሀል ነው።

ታሪኬ የሚፈጸምበት የፒያሳ ግቢ ፈርሷል። ልተወው?

በፍጹም! ዓመቱን ብቻ ይወስኑ። ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ብዙ ቤቶች የፈረሱት በ2016 ዓ.ም. ነው፤ የዓድዋ ድል መታሰቢያም የተመረቀው በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ነው። ለወንጀል ልብ ወለድ ደግሞ የፈረሰ ሰፈር ከባድ ፈተና ነው፦ ጎረቤት ተበትኗል፣ እድሩ ፈርሷል፣ በመስኮቷ ሁሉን ታይ የነበረችው አሮጊት የት ኮንዶሚኒየም እንደገባች የሚያውቅ የለም። ግድያው በዕቃ ማውጫው ሳምንት ቢፈጸም የቤቱ ወለል ራሱ ማስረጃ ሆኖ በዶዘር ይሄዳል። እኔ ይህን ልብ ወለድ ዛሬ ነገ ሳልል አነበው ነበር።

በእውነተኛ ታሪክ ላይ ተመሥርቼ መጻፍ እችላለሁ?

በጥንቃቄ። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን በገዛ መሣሪያው ገድላ በሰው ግድያ ተከሰሰች፤ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሞላት ራሷን ስትከላከል ነው ተብሎ በነፃ ተለቀቀች። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ ሕግ ጠላፊ ልጅቱን ካገባት ከክስ ያድነው ነበር። የ1996ቱ ሕግ ይህን አስቀርቶ ለጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጓል። በታሪኩ ላይ የተሠራው “ድፍረት” የተባለ ፊልም ግን በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሊታይ ሲል በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ታገደ፤ የክርክሩ ፍሬ ነገር የባለታሪኳ ፈቃድ ነበር። አንድ ጊዜ በጠላፊ የተነጠቀችን ሴት ታሪኳን መልሶ መንጠቅ ይከብዳል። ያግኟት፣ ያነጋግሯት፣ እምቢ ካለች ይተዉት። ካልሆነ ዘመኑን፣ ቦታውንና ሰዎቹን ከሥር መሠረቱ ይፍጠሩ።

እውነተኛ ችሎት ገብቼ መስማት ይፈቀድልኛል?

አዎ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የወንጀል ክስ በግልጽ ችሎት ይሰማል፤ ለግል ሕይወት፣ ለሕዝብ ሞራል ወይም ለአገር ደኅንነት ሲባል ካልተዘጋ በቀር ማንም መግባት ይችላል። ጠዋት ይሂዱ፣ መታወቂያ ይያዙ፣ ስልክዎን ያጥፉ፣ ከኋላ ወንበር ይቀመጡ። ዳኞቹን ሳይሆን ተራቸውን የሚጠብቁትን ሴቶች ይመልከቱ፤ ስማቸውን ግን በማስታወሻዎ ላይ አይጻፉ።