«መርማሪው አመነ»፤ ምኑን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ከፈረንጅ አራዳ ነው። ልብ ወለድ ጀምሬአለሁ። ሁለት መርማሪ ፖሊሶች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ቡና መጋዘን ውስጥ የተፈጸመ ግድያ አብረው ያጣራሉ። መጀመሪያ አይተማመኑም፤ ኋላ ይዋደዳሉ። ትልቁ ምዕራፍ «መርማሪው በመጨረሻ አመነ» ብሎ ያበቃል። እሷን አመናት ማለቴ ነበር። ጓደኛዬ አንብባው «ውይ! ለካ ገዳዩ እሱ ነው!» ብላ ጮኸች። «እምነት ጣለባት» ልበለው? ወይስ «እርስ በርሳቸው መተማመንን ገነቡ» ይሻላል?

መልስ፦ ጓደኛዎ አልተሳሳተችም። ፖሊስ ባለበት ታሪክ ውስጥ «አመነ» ሲባል ጆሯችን ቀድሞ የሚሰማው «ጥፋቱን ተቀበለ» የሚለውን ነው። ሌባው አመነ፣ ተጠርጣሪው አመነ እንላለን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ተገዶ እንዳይሰጥ የከለከለው ቃል ስሙ «የእምነት ቃል» ነው። ችሎት ላይም ተከሳሹ የሚጠየቀው «የእምነት ክህደት ቃል» ነው። እዚያ እምነት ሃይማኖትም ፍቅርም አይደለም።

ሁለቱ ትርጉሞች የተራራቁ ይምሰሉ እንጂ ጉዳዩ አንድ ነው፤ እውነት ነው ብሎ መቀበል። ሌላው የነገረኝን ከተቀበልኩ አመንኩት። በእኔ ላይ የተባለውን ከተቀበልኩም አመንኩ። የሚለያቸው ተሳቢው ነው። «አመናት» ብለው ቢሆን ኖሮ ጓደኛዎ ባልደነገጠች። መጨረሻ ላይ የጎደለችው «ት» ሰውዬውን ወህኒ ልታስገባው ነበር።

«እምነት ጣለባት» ስሕተት የለበትም። ግን የስብሰባ ሽታ አለው። ሕዝብ በተመራጩ ላይ፣ ደንበኛ በባንኩ ላይ እምነት ይጥላል። በዝናብ አዌቱ ወንዝ ዳር ቆመው ተጠርጣሪ ለሚጠብቁ ሁለት ሰዎች አይሆንም። «መተማመንን ገነቡ» ደግሞ የዜና ነው፤ ይተዉት።

አሁን ወደምወደው ልግባ። አወቀ፣ ታወቀ፣ ተዋወቀ። አሰረ፣ ታሰረ፣ ተሳሰረ። (ለእርስዎ መርማሪዎች ከዚህ የተሻለ እርባታ ከየት ይመጣል? ሥራቸውም ፍቅራቸውም እዚያው ውስጥ ነው።) በዚሁ መንገድ አመነ፣ ታመነ፣ ተማመነ ይላል። «ተማመኑ» ውስጥ እርስ በርስ መሆኑ አለ፤ «እርስ በርሳቸው» የሚለው ትርፍ ነው። «ታመነላት» ግን ሌላ ነው፤ ሳይከዳት ኖረ ማለት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። መጀመሪያ አንዱ ያምናል። ቀጥሎ ይተማመናሉ። መታመን የሚፈተነው ከተዋደዱ በኋላ ነው። ሦስቱን ባንድ ገጽ አይጨርሷቸው።

መነሻው ላይ ሰውዬው «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» የሚል ዓይነት ይሁን። ስንት ሬሳ ያየ ፖሊስ ሲለው ተረቱ ራሱ ይከብዳል። ሴትዮዋን ደግሞ በየገጹ «እመነኝ» አያስብሏት። በትርጉም ፊልም የለመድነው አነጋገር ነው። የእኛ ሰው እንዲታመን ሲፈልግ «ሙት!» ወይም «እናቴ ትሙት!» ይላል።

በቀደም ገበያ ወጥቼ አንዲት ቡና ሻጭ አየሁ። ጆንያዋን ለጎረቤቷ ትታ «አማና!» ብላት ሄደች። ጎረቤትየዋ ቀና እንኳ አላለችም። በእግሯ ጆንያውን ሳብ አድርጋ ወደ ራሷ አስጠጋችው፤ ከዚያ ሚዛኗን ቀጠለች። «አማና» በዐረብኛ በኩል የመጣ ነው። ከእኛ «አመነ»፣ ከግዕዙ «አማን»፣ ከ«አሜን»ም ጋር ሥሩ አንድ ነው። አፋን ኦሮሞም «አመኑ» ይላል። እርስዎ ጅማ ስላሉ ይህን ሁሉ ከኔ በላይ ይሰሙታል። የአማርኛው አቻ «አደራ» ነው። ሁለቱ ሴቶች መካከል ግን «አምንሻለሁ» የሚል ቃል አልወጣም።

እኔ ብሆን ያንን ምዕራፍ እንዲህ እዘጋዋለሁ፦ «የምርመራ መዝገቡን ከጃኬቱ ስር አውጥቶ ሰጣት። "አደራ" አላት።» «አመናት» ማለትም አያስፈልግ።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገርዎን ግን እንዳይጥሉት። ወደኋላ ያቆዩት። ሴትዮዋ «ትወደኛለህ?» ብላ እንደ ተጠርጣሪ ትጠይቀው። አንዴ ይካድ። ደግማ ትጠይቀው፤ አሁንም ይካድ። በሦስተኛው «መርማሪው በመጨረሻ አመነ» ይበሉ። ያኔ ጓደኛዎ ትጩህ።