ታልዮኒ ቱታ አልለበሰችም፤ ቱቱስ ለብሳ ነበር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ስለ ዳንስ ታሪክ የሚያወራ የልጆች መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ከአንዲት ዳንሰኛ ሥዕል ሥር «ማሪ ታልዮኒ በ1832 ፓሪስ ውስጥ፣ ነጭ ቱቱ ለብሳ» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢው የፊደል ግድፈት መስሎት «ነጭ ቱታ ለብሳ» ብሎ አረመው። ስከራከረው ደግሞ «እንግዲያው ጉርድ ቀሚስ በይውና እንገላገል» አለኝ። ማናችን ነን ልክ? የዳንሱስ ስም «ባሌ» ነው «ባሌት» የሚባለው? እሱም አልለየልኝም።

መልስ፦ እንደምን ሰነበቱ። ይቅርታዎን፣ መጀመሪያ ሳቅሁ። ያቺ መሬት የምትነካ የማትመስል ሴት በቱታ፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ እንደ ስፖርት አስተማሪ ብቅ ስትል ታየችኝ። አርታኢዎ ላይ ግን አይፍረዱበት። ቱታ ጋራዥ ውስጥም ሜዳ ላይም የምናውቀው፣ አማርኛ ሆኖ የከረመ ቃል ነው። የመጣው ከጣልያንኛ ነው፤ ታያት የሚባል የፍሎሬንስ ሠዓሊ በ1920 ግድም ላስተዋወቀው አንድ ወጥ ልብስ የወጣ ስም። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቱቱ፣ የባሌት ዳንሰኞች ቀሚስ ማለት ነው፣ የፈረንሳይኛ ቃል ስለሆነ ከቱታ ጋር ዝምድና የለውም። ስለዚህ «ቱታ» ይሰረዝ።

እርስዎም ግን አላመለጡም። በ1832 ፓሪስ ውስጥ ያንን ልብስ ቱቱ ብሎ የጠራው ሰው የለም። ቃሉ በፈረንሳይኛ ጽሑፍ መታየት የጀመረው በ1881 ግድም ነው፤ ታልዮኒ ያን ጊዜ መድረክ ከተወች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። አመጣጡም ጨዋ አይደለም። የፈረንሳይ ሕፃናት መቀመጫን በኩልትፍና «ኩኩ» ይሉታል፤ ኩኩ ቱቱ ሆነ፣ ቱቱም ከመቀመጫ ተነሥቶ እሱን ለሚሸፍነው ጨርቅ ስም ሆነ ይላሉ መዝገበ ቃላቱ። ከጨርቁ ስም፣ ከ«ቱል»፣ የሚያመጡትም አሉ፤ እኔ ወደ ፊተኛው አደላለሁ። ስም ከአካል ወደ ልብስ መሻገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ከእጅ «እጅጌ»፣ ከአንገት «አንገትጌ» ብለናል።

ታዲያ ታልዮኒ ምን ለበሰች? ቀኑ መጋቢት 12 ቀን 1832፣ ቦታው በለ ፔልቲዬ ጎዳና የነበረው የፓሪስ ኦፔራ፣ ትርኢቱ «ላ ሲልፊድ»። ዳንሱን ያቀናበረው አባቷ ፊሊፖ ታልዮኒ ነው፤ የልብሱ ንድፍ ለሠዓሊው ለኧዠን ላሚ ይሰጣል። እሷ የአየር መንፈስ ሆና ነው የምትጫወተው። (እባክዎ «ዛር» ወይም «ቆሌ» ብለው እንዳይመልሱት፤ ልጆቹ ሌላ ታሪክ ነው የሚገባቸው።) ልብሷ ደረቷንና ወገቧን አጥብቆ የያዘ፣ ትከሻዋን የገለጠ የላይ ክፍል አለው። ከወገቧ ጀምሮ ስስ ነጭ ጨርቅ በጨርቅ ላይ ተደራርቦ እንደ ደወል ይሰፋና ባቷ አጋማሽ ላይ ይቆማል። ጀርባዋ ላይ ሁለት ትንንሽ ክንፎች አሉ። በቃ፣ ጌጥ የለበትም ማለት ይቻላል። ርዝመቱ ግን በልክ የታሰበ ነው። ቢረዝም በጣቶቿ ጫፍ ስትቆም እግሯ አይታይም፤ አባቷ ደግሞ ያን ያህል ያለማመዳት ያ እግር እንዲታይ ነው። በአዲሱ የጋዝ መብራት ሥር ነጩ ጨርቅ ጭጋግ ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ ነጭ የመድረክ ወግ ሆነና በ1841 «ዢዜል» በተባለው ትርኢት ላይ ሳያገቡ የሞቱ ልጃገረዶች ሁሉ እንዲሁ ነጭ ለብሰው ወጡ።

እዚህ ላይ ለርስዎ አንድ ወጥመድ አለ። እነዚያ ልጃገረዶች ሲገቡ ፊታቸው የተሸፈነ ነው። መሸፈኛውን «ቬሎ» እንዳይሉት። ቬሎ በጣልያንኛ መሸፈኛው ብቻ ነበር፤ እኛ ጋ ግን መላውን የሙሽራ ልብስ ጠቅልሎ ወስዶታል። «ቬሎዋን አወለቀች» ብለው ቢጽፉ አንባቢ ልጅቷን ራቁቷን ያስቀራታል። «ዓይነ ርግብ» የሚል ያማረ ቃል እያለን ምን አስቸገረን?

ጨርቁንም በስሙ እንጥራው። ስሱን የጥጥ ጨርቅ ፈረንጆቹ ሙስሊን ይሉታል። አቡጀዲ አይደለም፤ አቡጀዲ ይከብዳል። እኔ «ሻሽ» እላለሁ። ዛሬ ሻሽ ስንል ራስ ላይ የሚታሰረው ይመጣብናል እንጂ ቃሉን የሰጠን ዓረብኛው «ሻሽ» የሚለው ይህንኑ ስስ ጨርቅ ነው። እንደ መረብ የተሠራው ቱል ደግሞ በማሽን በብዛት መመረት የቻለው እንግሊዛዊው ጆን ሂዝኮት በ1809 የመረብ መሥሪያውን ካስመዘገበ በኋላ ነው። የሺህ እጆችን የዳንቴል ሥራ ማሽን ባይተካ ኖሮ አንድ ሙሉ የዳንሰኛ ጭፍራ እንዲያ በነጭ ደመና ተሸፍኖ አይወጣም ነበር።

ስለ ጨርቁ የምጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ሻሽና ቱል ተደራርቦ አየር ሲይዝ ለእሳት ጭድ ነው። ለንደን ውስጥ ክላራ ዌብስተር በ1844 መድረክ ላይ ልብሷ ተቀጣጥሎ ሞተች። የታልዮኒ ደቀ መዝሙር ኤማ ሊቭሪ ደግሞ ኅዳር 15 ቀን 1862 በልምምድ ላይ፣ ተራዋን ስትጠብቅ ተቀምጣ ቆየችና ስትነሣ ቀሚሷን አራገፈች። ጫፉ የጋዙን ነበልባል ነካ። ሃያ ዓመቷ ነበር፤ ስምንት ወር ተሠቃይታ ሐምሌ 1863 ዐረፈች። እሳት የሚከላከል መንከሪያ በጊዜው ነበረ፤ ጨርቁን ያደርቀዋል፣ ንጣቱንም ያደበዝዘዋል ብላ እምቢ ብላ ነበር። የተረፈው የልብሷ ቁራጭ ዛሬም ፓሪስ ኦፔራ ሙዚየም ውስጥ አለ። መጽሐፍዎ ይህን ታሪክ ካነሣ «ቱቱዋ ተቃጠለ» የሚለው ለልጅ ምንም አይነግረውም፤ «የሻሽ ቀሚሷን ጫፍ እሳት በላው» ሲሉት ያየዋል።

አርታኢዎ ያለው «ጉርድ ቀሚስ» ለታልዮኒ ልብስ የሚሆነው በግማሽ ነው። በአማርኛ ጉርድ ስንል ከወገብ በታች ብቻ ነው፤ የሷ የላይ ክፍልም አለው። «ቀሚስ» ይበቃል። ቱቱን ኋላ ለመጣው ያቆዩት፦ በ19ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ እያጠረ ሄዶ ጭንን የገለጠው፣ በኋላም እንደ ምጣድ ወደ ጎን የተዘረጋው። ዛሬ ባለሙያዎቹ የታልዮኒንም ወደ ኋላ ተመልሰው «የሮማንቲክ ቱቱ» ይሉታልና በማብራሪያ ውስጥ ቢጠቀሙበት አይነወርም። እኔ የምቃወመው በ1832 ሰው አፍ ማስገባቱን ነው። ሲያበዙት «ቱቱዎች»፣ ሲወስኑት «ቱቱው»፤ «ቱቶች» ብለው ጽፈው ያየሁት አለና ነው። ግሱም «ለበሰች» ይሁን። «አጠለቀች» አያስነቅፍም፤ «ታጠቀች» ግን ሱሪ ያደርገዋል።

«ባሌ» ወይስ «ባሌት»? የፈረንሳይኛው ድምፅ ወደ «ባሌ» ይቀርባል፤ ግን «የባሌ ዳንስ» ብለው ይጻፉና ጎባና ሮቤ ያደጉ አንባቢዎች የፈረስ ጉግስ ይጠብቃሉ፣ ባለትዳሮቹም «የማን ባል ነው የሚደንሰው?» ይላሉ። ቋንቋችን «ባሌት» ብሎ ተቀብሎታል፤ ያቺ መጨረሻ ላይ ያለች «ት» ብዙ ጣጣ ትከላከላለች።

የሥዕሉ መግለጫ እንግዲህ እንዲህ ይሁን፦ «ማሪ ታልዮኒ በ1832 ፓሪስ ውስጥ፣ ባቷ ድረስ የወረደ ነጭ የሻሽ ቀሚስ ለብሳ።» አርታኢዎ አሁንም ቱታ ካለ ሥዕሉን ያሳዩት።