መልስ፦ የ11 ወር ልጅን ፖፖ ስለ ማስለመድ

እህቴ፣ የ11 ወር ልጅዎን ከአሁኑ ፖፖ ላይ ማስቀመጥ ይጎዳው እንደሆነ ጠይቀዋል። እስካላስገደዱት ድረስ አይጎዳውም፤ ነገር ግን በዚህ ዕድሜ ከልጁ ይልቅ የሚሠለጥኑት እርስዎ ነዎት። ሽንትንና ሰገራን አስቦ የመቆጣጠር ችሎታ በአብዛኞቹ ልጆች ዘንድ ከ18 ወር ገደማ ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚመጣ ስለሆነ፣ እስከዚያው የሚጠበቅብዎት ምልክቱን አይቶ በጊዜው ማስቀመጥ ብቻ ነው። ለዚህ የሚመቸው ልጁ ከጠባ ወይም ከበላ በኋላ ያለው ሰዓት ነው፤ ምግብ ወደ ሆድ ሲገባ አንጀትን ስለሚያነቃቃ ብዙ ሕፃናት ያን ጊዜ ይጸዳዳሉ። እናቶቻችን ሕፃኑን እግራቸው ላይ አስቀምጠው «ሽሽሽ» የሚሉት ይህንኑ ጠብቀው ይመስለኛል።

ከጥቂት ደቂቃ በላይ አያቆዩት፤ ካለቀሰም ወዲያው ያንሡት። ቁጣ ልጁ ሰገራውን አምቆ እንዲይዝና እንዲደርቅበት ያደርጋል። የባሕር ዳር ሙቀት ያለ ዳይፐር ለማዋል ይመቻል፤ በክረምት ግን ጨርቁ አልደርቅ ስለሚል ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው ግን ሌላ ነው። የሕፃን ሰገራ አይጎዳም እየተባለ በግቢ ጥግ ወይም በሐይቁ ዳር ይደፋል። በጣና ዙሪያ ቢልሃርዝያ የሚባለው በትል የሚመጣ በሽታ ስላለ፣ የትሉ እንቁላልም ከሰገራ ጋር ወደ ውኃው ስለሚገባ፣ በፖፖው ያለውን ሽንት ቤት ውስጥ ይድፉ፤ እጅዎንም በሳሙና ይታጠቡ። የሌሊቱን ለጊዜው ይተዉት፤ እስከ 5 ዓመት ድረስ አልጋ ማርጠብ የተለመደ ነው።