መልስ፦ ለ11 ሜትር የሸራ ጀልባ የትኛው አሉሚኒየም ዲንጊ ይሻላል?

ሰላም ወንድሜ። የግሪክ ደሴቶችን ስትዞር አራት ሰው ከጀልባህ ወደ ዳርቻ የምታመላልስበት ቀላል ዲንጊ፣ ማለትም ወለሉ አሉሚኒየም፣ ዙሪያው አየር የሚሞላ ቱቦ የሆነ ትንሽ ጀልባ ነው የጠየቅከው። እኔ ብሆን 2.7 ወይም 2.9 ሜትር ሆኖ፣ ወለሉ ነጠላ አሉሚኒየም የሆነውን እወስዳለሁ። ክብደቱ 40 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ሁለት ሰው ጠጠር ላይ ያለ ብዙ ጣጣ ያወጣዋል። ድርብ ወለል (ከላይ ሁለተኛ ጠፍጣፋ ንጣፍ ያለው) ለመቆም ይመቻል፣ ግን ኪሎ ይጨምራል።

አየር የሚሞላው ቱቦ ላይ ገንዘብ አትቆጥብ። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ርካሽ ነው፤ የሜዲትራኒያን ፀሐይ ግን አይምረውም። ሃይፓሎን ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራውን ውሰድ።

ሞተሩንም አብረህ መዝን። ባለ 6 ፈረስ ጉልበቱ ብቻውን 25 ኪሎ ያልፋል። በዚያ ላይ አራት ሰው ከጫንክ እያዘገምክ ነው የምትሄደው። መፍጠን ካማረህ 9.9 ነው፤ እሱ ደግሞ ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል። ከሸራ ጀልባህ ኋላ ያለው የዲንጊ ማንጠልጠያ ዲንጊውን፣ ሞተሩንና ነዳጁን አንድ ላይ መቻል አለበት። ብዙ ሰው ይህን የሚያሰላው ከገዛ በኋላ ነው!

መዳብ ያለበት ፀረ-አልጌ ቀለም እንዳትቀባው፤ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ማታ ማታ ከውሃው አንሳው፣ ከሌባም ይተርፋል።

ከመክፈልህ በፊት ቱቦው ከአሉሚኒየሙ ጋር የተጣበቀበትን ጠርዝ ዙሪያውን በጣትህ ዳስሰው። የተላቀቀ ቦታ ካገኘህ ሌላ ፈልግ።