ለቴምብር ዲጂታል ማይክሮስኮፕ ልግዛ ወይ ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ ነው ያየሁት፣ በሁለት መስመር መልሼ ማለፍ ስላልፈለኩ ነው የቆየሁት። ሀረር ከአያትሽ የቀረ አልበም አለ፣ ውስጡ የምኒልክ ቴምብሮች አሉ፣ "1600 እጥፍ ያጎላል" የሚባለውን የዩኤስቢ ማይክሮስኮፕ ገዝቼ ኦሪጅናል ይሁን ፎርጅድ ልለይበት እችላለሁ ወይ ነው ያልሽው። እኔ ድሬ ነኝ፣ ዕቃውን ለቴምብር ብዙ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁና የማውቀውን ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሺኝ።

መግዛቱን ግዢው፣ ግን 1600 ስለሚል ብለሽ አይሁን። ያ ቁጥር ምስሉ ስክሪን ላይ ተለጥጦ የሚሰላ ነው፣ ሌንሱ ራሱ እዛ አይደርስም። ርካሾቹ አብዛኞቹ ፎከስ የሚያደርጉት ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ አንዱ ራቅ ብሎ ከ20 እስከ 50 እጥፍ ገደማ፣ ሌላው ሌንሱ ወረቀቱን ሊነካ ምንም ሳይቀረው 200 ገደማ። ለቴምብር የሚጠቅመው የመጀመሪያው ነው። በሁለተኛው የምታይው ከአንድ ፊደል ጫፍ ብዙም አይበልጥም፣ ደግሞ ሌንሱ ወርዶ ቴምብሩን ሊቧጭር ይችላል። ሜጋፒክስሉንም ቢሆን ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመኚ፣ እዛው ሱቁ ውስጥ ሰክተው ያሳዩሽ፣ የብር ኖት ስር አድርጊና ጥቃቅን መስመሮቹ ጥርት ብለው ከታዩሽ በቃ ይሆናል። እዚህ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ከመጣሽ የጆሮ ማያ ካሜራ ማይክሮስኮፕ ነው ብለው ሊሰጡሽ ይችላሉ፣ እሱ ለዚህ አይሆንም። አንድሮይድ ስልክ ካለሽ በኦቲጂ ኬብል (ዩኤስቢ ዕቃ ከስልክ ጋር በሚያገናኘው) የሚሰራውን ምረጪ፣ መብራት ሲጠፋም ስራ አትፈቺም። አይፎን ላይ ግን በኬብል የሚሰሩት አብዛኞቹ እምቢ ይላሉ፣ ለሱ የዋይፋዩ ነው የሚሻለው።

ከሌንሱ በላይ ገንዘብሽን ስታንዱ ላይ አውጪ። ፕላስቲኩ ስታንድ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ ባጃጅ በበሩ ሲያልፍ እንኳን ምስሉ ይዘላል፣ የብረቱን ያዢ። ቬንትሌተር ደግሞ አጥፊ፣ ድሬ ላይ ይሄን ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ ግን አሮጌ ቴምብር በንፋስ ተነስቶ ሲገለበጥ ጥርሱ፣ ማለትም ዳር ዳሩ ላይ ያለው ሹል ሹሉ ይታጠፋል፣ የታጠፈ ጥርስ ደግሞ አይመለስም። በጣትሽም አትንኪው፣ ላብ ሙጫውን ያበላሸዋል፣ ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ወረንጦ ያዢው።

አሁን ዋናው ነገር፣ መብራቱ። ማይክሮስኮፑ አፉ ዙሪያ ትናንሽ ኤልኢዲዎች አሉት፣ ሰው ሁሉ እነሱን አብርቶ ያይና "ምንም ልዩነት የለውም" ይላል፣ ምክንያቱም ከላይ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ብርሃን የወረቀቱን ከፍታና ዝቅታ ያጠፋዋል። እነሱን ከጎኑ ባለችው ማዞሪያ አጥፊና የስልክ ባትሪ ከጎን፣ ጠረጴዛውን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርገሽ አብሪ። ያኔ የወረቀቱ ክር ይነሳል፣ የተፋቀበት ቦታ ይታያል፣ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ተቆልሎ ይሁን ተኝቶ ይለይልሻል። እኔ አንድ ቴምብር ሳይ ባትሪውን ዝቅ እንዳደረኩ መጀመሪያ ከግራ ከዛ ከቴምብሩ አናት በኩል አበራለሁ፣ አንዱ አቅጣጫ የደበቀውን ሌላው ያወጣዋል። ሙጫው ካንጸባረቀብሽ ባትሪው ፊት ስስ ሶፍት ያዢበት።

ወደ ምኒልኮቹ ስንመጣ፣ የመጀመሪያዎቹ እንደ ፈረንጆቹ 1894 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የወጡት ሰባት ናቸው፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ 1 እና 2 ገርሽ (የያኔው ገንዘብ ነው) የንጉሡ ምስል፣ 4፣ 8 እና 16 ገርሽ ደግሞ አንበሳው። ቅርጹን የቀረጸው ሙሾን የሚባለው ፈረንሳዊ ነው፣ የታተሙትም ፓሪስ ነው፣ ፊደሉና መስመሩ ጎልቶ የወጣ ቅርጽ ቀለም ተቀብቶ ወረቀቱ ላይ እየተጫነ። ይሄን ልብ በይ፣ ምክንያቱም ማይክሮስኮፑ የሚነግርሽ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ እንዴት እንደገባ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዛ የሚወጣ ግምት ነው። በዚህ ዓይነት ህትመት ቅርጹ ሲጫን ቀለሙ ወደ ጠርዝ ይገፋል፣ ስለዚህ መስመሩ ዳር ዳሩ ጠቆር መሃሉ ሳሳ ብሎ ታይዋለሽ፣ አንዳንዴ ጀርባው ላይም የተጫነበት ምልክት በጎን ብርሃን ይወጣል። ቀለሙ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ግማሽ ገርሹን ውሰጂ፣ ቀይ ነው፣ በ50 ብታይው ያው ቀይ ነው፣ ነጩ ቦታ ንጹህ ወረቀት ነው። በኮምፒውተር ፕሪንተር የተሰራ ከሆነ ግን ቀዩ ይፈርስና ሮዝና ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖ ይመጣል፣ ነጩ ቦታ ላይም የተበተነ ቀለም ታገኛለሽ፣ በሌዘር ከሆነ ደግሞ ብናኝ መስሎ ዙሪያውን ይረጫል። በካሜራ ተነስቶ በኦፍሴት የታተመ ቅጂ ከሆነ ቀለሙ ጠፍጣፋ ነው፣ የዳሩ ጥቁረት የለም፣ ጥላው በተሰለፉ ነጥቦች የተሞላ ሊሆን ይችላል። በዚህ ብቻ ብዙውን ቆሻሻ ትለያለሽ።

ላዩ ላይ የተደረበ ጽሁፍ ካለበት ግን ቀስ በይ። ከ1901 ጀምሮ በነዚሁ ቴምብሮች ላይ መጀመሪያ በፈረንሳይኛ ኢትዮጵያ የሚል፣ ቀጥሎ "ቦስታ"፣ ከዛ "መልክት" የሚል በእጅ ማህተም ተመትቷል፣ ፎርጅዱም የበዛው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ቴምብሩ ራሱ እውነተኛ ሆኖ ማህተሙ ብቻ ውሸት ይሆናል። የእጅ ማህተም ስለሆነ ኦሪጅናሉም ወፍሮ ቀጥኖ ዘንበል ብሎ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ መዛባቱ ማስረጃ አይሆንሽም። ብዙ ሰው የሚለው "የፖስታ ቤቱ ማህተም ከስር፣ ተደራቢው ከላይ ከሆነ ውሸት ነው" ነው፣ ሃሳቡ ልክ ነው፣ ማለትም ስራውን በጨረሰ ቴምብር ላይ በኋላ የተመታ ነው ማለት ነው። ችግሩ ሁለት ቀለም ሲቋረጥ ዓይን ይታለላል፣ ጥቁሩ ሁልጊዜ ከላይ ያለ ይመስላል፣ እውነት ከላይ ባይሆንም። እኔ በዚህ ብቻ ፍርድ አልሰጥም፣ አንቺም አትስጪ። ተደራቢ ያለባቸውን ለይተሽ አስቀምጪያቸውና በኢትዮጵያ ቴምብር የታወቀ መርማሪ ይያቸው፣ ሰርተፊኬት ሳይኖር በውድ አይሸጡም በውድም አይገዙም።

ማይክሮስኮፑ በጣም የሚያኮራሽ ሙጫና ጥርስ ላይ ነው። ቴምብር ከሉህ ሲገነጠል የጥርሱ ጫፍ ላይ የወረቀት ክር ይቀራል፣ ለስላሳ፣ የተበጣጠሰ፣ እንደ ጥጥ። ሙጫው የጠፋበትን ቴምብር አዲስ ሙጫ ቀብተው "ያልተነካ" ብለው የሚሸጡ አሉ፣ አዲሱ ሙጫ ግን ወደዛ ክር ይገባና ያደርቀዋል፣ ጫፉ ግትር ብሎ ያብለጨልጫል፣ በባዶ ዓይን አይታይም በ30 ግን ፍጥጥ ብሎ ይታያል። አንዱ ጎን ጥርሱ በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ክር ከሌለው ደግሞ ያ ጎን በኋላ እንደገና የተበሳ ሊሆን ይችላል። አልበምሽ ውስጥ የ1919 ባለ አውሬዎቹ፣ ቀጭኔ ነብር አውራሪስ ያሉባቸው፣ ካሉ ገልብጠሽ ሙጫቸውን እይ። የነሱ ድጋሚ ህትመት በጣም ብዙ ነው፣ የኦሪጅናሉ ሙጫ ነጭና ለስላሳ ነው፣ የድጋሚው ቡናማ ሆኖ በሰያፍ የተሰነጣጠቀ ነው።

ጥርስ ለመቁጠር በ2 ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ቀዳዳ አለ ነው ሂሳቡ፣ የ1894ቶቹ አግድም 14 ቁልቁል 13 ተኩል ናቸው። በሶፍትዌሩ መለካት ትችያለሽ ግን መጀመሪያ በዛው ከፍታ የማስመሪያ ፎቶ አንስተሽ በሱ አስተካክዪው፣ ማይክሮስኮፑን ከፍ ዝቅ ካደረግሽው ልኬቱ ተበላሸ፣ የምስሉ ዳርም ትንሽ ይጣመማል። እውነቱን ለመናገር ለዚህ ከካርቶን የተሰራው የጥርስ መለኪያ ይፈጥናል።

የማይሰራውንም ልንገርሽ፣ ወረቀቱ ውስጥ ያለ የውሃ ምልክት አያሳይሽም፣ በአልትራቫዮሌት የሚያበራ የዘመኑ ወረቀትም ለብቻው 365 ናኖሜትር ባትሪ ይፈልጋል፣ እሱ ግን ርካሽ ነው ጥሩም ነው። ዋጋ ደግሞ ምንም ማሽን አይነግርሽም።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ከአልበሙ ጋር ፖስታው ላይ እንደተለጠፈ የቀረ ካለ ለማይክሮስኮፕ ብለሽ ውሃ ውስጥ ነክረሽ እንዳትነቅይው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ህብረት የገባችው 1908 ነው፣ ከዛ በፊት ከሀረር ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የኛ ቴምብር እስከ ጅቡቲ እንጂ ከዛ ወዲያ ስለማያሻግረው የፈረንሳይ ግዛት የነበረችው የጅቡቲ ቴምብር አብሮ ይለጠፍበት ነበር፣ ሁለቱ አንድ ፖስታ ላይ ከነማህተማቸው ከተገኙ ያ የከተማሽ ታሪክ ነው፣ ሲነቀል ሁለት ተራ ቴምብር ብቻ ነው የሚቀረው። ማይክሮስኮፑ ፖስታው ላይ እንዳለም ያሳይሻል፣ ስታንዱን ከፍ ማድረግ ነው።

ስትገዢው የመጀመሪያውን ፎቶ እዚሁ ግሩፕ ላይ ለጥፊው። ግማሽ ገርሹን ካለሽ ከሱ ጀምሪ፣ ፊቱን በሙሉ፣ ጀርባውን በጎን ብርሃን፣ ከዛ የንጉሡን ዓይን አካባቢና አንድ ጥርስ በቅርበት፣ ኤልኢዲው ጠፍቶ። ያን ካየሁ በኋላ የሚታየኝን እጽፍልሻለሁ።