ሰርተፊኬቱ ይደርሳል፣ ሥራው ግን አይጠብቅሽም

ደብዳቤሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። ባለፈው ዓመት ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተመርቀሻል። እዚያው ባሕር ዳር ለሱቅና ለሆቴል ሲስተም የሚሠራ አንድ ትንሽ ድርጅት ሊቀጥርሽ ፈልጓል፤ ደመወዙ ግን አያወላዳም። ዱባይ ያለው ወንድምሽ "እሱን ተዪው፣ የስክረም ማስተር ሰርተፊኬት ያዢ፣ ብሩን እኔ እልካለሁ" ይልሻል። (ስክረም ሶፍትዌርን በቡድን፣ በአጭር በአጭር ዙር የመሥሪያ ዘዴ ነው፤ ማስተሩ ቡድኑን በዘዴው የሚያሠለጥነው ሰው ነው።) እናትሽ ደግሞ ባንክ ባንክ ይላሉ። ቃለ መጠይቁ ላይ የድርጅቱ ባለቤት "አጃይል አጃይል ትያለሽ፣ ለደንበኛዬ ምን ይጠቅመዋል?" ሲልሽ የአጃይልን፣ ማለትም ሥራን በትንሽ በትንሹ ሠርቶ ለደንበኛው እያሳዩ የማረምን አካሄድ (ስክረምም አንዱ ነው)፣ አራቱን እሴቶችና አሥራ ሁለቱን መርሆዎች በቃልሽ ተወጣሽለት። ሰውየው ዝም አለ። "ምን ማለት ነበረብኝ?" ብለሻል።

ዝም ቢል አልፈርድበትም። እሱ የጠየቀሽ ስለ ብር ነው።

እነዚያን እሴቶች እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ተሰብስበው የጻፉት 17 ሰዎች በሶፍትዌር ሥራ የኖሩ ናቸው። የመረራቸው ነገር እኛም አገር ሞልቷል። ወፍራም ሰነድ ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ወራት ያልፋሉ፣ በመጨረሻ ማንም የማይጠቀምበት ሲስተም ይረከባል። ወደዚህ የምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት እንዲህ ባለ ፕሮጀክት ላይ ሠርቻለሁ። በርክክቡ ዕለት ኬክ ተቆረጠ። የመጋዘን ሠራተኛዋ በማግስቱ ወደ መዝገቧ ተመለሰች። ከመጀመሪያውም ማን ጠይቋት!

አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ እንውሰድ። ባለቤቱ የስቶክ ሲስተም ይፈልጋል። በለመድነው መንገድ ቀብድ ይከፍልና ከስድስት ወር በኋላ ይረከባል። በአጃይል ከሄዳችሁ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ የሚሠራ ገጽ ይዘሽለት ትሄጃለሽ፤ ዕቃ ገቢ፣ ዕቃ ወጪ፣ አለቀ። ሪፖርት የለ፣ ጌጣጌጥ የለ። የሱቁን ልጅ "እስኪ መዝግብ" ትይዋለሽ። ሚስማሩን፣ ቆርቆሮውን ይመዘግባል። ፌሮ ላይ ሲደርስ እጁ ይቆማል። ፌሮው የተገዛው በኪሎ ነው፣ የሚሸጠው ግን በበርጋ፣ በአንድ በአንድ ዘንግ። ሲስተምሽ የሚያውቀው አንድ መለኪያ ብቻ ነው። ቆየት ብሎ ደግሞ "በዱቤ የወሰደውንስ የት ልጻፈው?" ይልሻል።

ይሄ በሁለተኛው ሳምንት ሲገኝ ቢበዛ የአንድ ሁለት ቀን ሥራ ነው። በስድስተኛው ወር ሲገኝ ዳታቤዙም ሪፖርቱም እንደ አዲስ ይነካካል። ከዚያ "ውሉ ላይ አልነበረም"፣ "ነበረ እንጂ" የሚል ጭቅጭቅ ይከተላል። ለሰውየው መንገር የነበረብሽ ይህን ነው። ስህተቱ ገና ርካሽ ሳለ ይታያል። የሚፈለገው ክፍል ቀድሞ ሥራ ይጀምራል። ክፍያውም በተረከበው ልክ ከሆነ ደንበኛው ካልጣመው እዚያው ላይ ማቆም ይችላል፤ ቀጣሪሽም ቀሪ ክፍያ ሲለምን አይከርምም።

ለሁሉም ነገር ይሆናል እንዳትይው ግን። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ግማሹን ሠርተው መኪና እያሳለፉ አልሞከሩትም። በስክረም በየቀኑ የሚደረገው የ15 ደቂቃ ስብሰባም አንዳንድ ቦታ አለቃ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚቆጣበት መድረክ ሆኗል። እንዲህ ያለውን በስሙ ብቻ አጃይል ነው ብለሽ አትቀበዪ።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። ብር የሚልክ ሁሉ የሥራውን ገበያ ያውቃል ማለት አይደለም። በዱባይ ሙቀት የተለፋበትን ገንዘብ አንድም ቡድን ውስጥ ሠርተሽ ሳታውቂ "የቡድን አሠልጣኝ" ለሚያሰኝ ወረቀት ማውጣት ለእኔ ብክነት ነው። የስክረም መመሪያው በነፃ ይወርዳል፤ እ.ኤ.አ. የ2020 ዕትሙ 15 ገጽ አይሞላም፣ በአንድ ምሽት ይነበባል። የአሜሪካው የፕሮጀክት አስተዳደር ተቋም ፒኤምአይ የሚሰጠው የአጃይል ሰርተፊኬት ደግሞ ራሱ የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ስለዚህ በግልጽ ንገሪው፦ "መርዳት ከፈለግክ ደመወዙ የማይሸፍነውን ለስድስት ወር ሙላልኝ።" ቢከፋው ይከፋው። ዕድሜው ያንቺ ነው፣ የእሱ አይደለም። ሠርተሽ ካየሽው በኋላ ፈተናውን ብትፈልጊ በራስሽ ብር ትፈተኛለሽ።

እናትሽን አታስከፊ፤ ባንክ ማስታወቂያ ሲያወጣ ተመዝገቢ፣ እነሱም የአይቲ ክፍል አላቸው። ስለ እንግሊዝኛሽ ለጊዜው አትጨነቂ፤ የሱቁ ልጅ ስለ በርጋ የሚያስረዳሽ በአማርኛ ነው።

አሁን ወደ ሰውየው ተመለሺና የፌሮውን ነገር በራስሽ ምሳሌ አስረጂው። ደመወዙን ስትነጋገሩ ከስድስት ወር በኋላ የሚታይ ጭማሪ ውሉ ላይ በጽሑፍ ይግባ። ሁለት ጥያቄም ጠይቂው። ደንበኛው ጋ ራሴ እሄዳለሁ ወይ? ሥራው ለደንበኛው በየስንት ጊዜው ይታያል? ለሁለተኛው "ሲያልቅ" ብሎ ከመለሰልሽ ደመወዙን እጥፍ ቢያደርገው እንኳ አትግቢ።